ከነልጅ ከነእናት ወደ ኒው ፎረስት፦ የገጠር ፐብ እንዴት እንደሚገባ

እናቴ አጨበጨበች።

ቦታው እንግሊዝ አገር ነው። ኒው ፎረስት የሚባለው ጫካ መሃል ያለ አንድ የገጠር ፐብ። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ምድጃው የሚነድ፣ ምንጣፉ ያረጀ ቤት። ከተቀመጥን ሃያ አምስት ደቂቃ አልፎናል። «ምን ልታዘዝ?» ብሎ የመጣ ሰው የለም። ልጆቹ ርቧቸው መነጫነጭ ጀምረዋል። እናቴ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ገና አስር ቀኗ ነበር። እዚያ እንደለመደችው ሁለት እጇን አንስታ ጧ፣ ጧ አደረገች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ምድጃው ሥር የተኛው ውሻ እንኳ ቀና አለ። ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ ሳቋን እየታገለች መጣችና «ትእዛዝ የምንቀበለው እዚያ ባንኮኒው ጋ ነው፤ የጠረጴዛችሁን ቁጥር ይዛችሁ ኑ» አለችን። ቁጥሩ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። እኔ ክርኔን ያሳረፍኩት እሱ ላይ ነበር።

ያኔ ለንደን ከገባሁ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ስንቱን ሰው ከፐብ በር አንስቼ ቤቱ አድርሻለሁ፤ በሩን አልፌ ግን ገብቼ አላውቅም። ለኛ ፐብ ማለት መጠጥ ቤት ነው። መጠጥ ቤት ደግሞ ልጅና እናት ይዘው የሚገቡበት አይደለም። ስለዚህ ገጠር በወጣን ቁጥር ምሳችን መኪና ውስጥ ነበር። ውጭ ዝናብ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ደፍኖ፣ ቀዝቃዛ ሳንዱች ጉልበት ላይ። እዚያው ፊት ለፊታችን ፐቡ ውስጥ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ትኩስ ሾርባ ይጠጣሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ ተመላልሰናል። ጓደኞቼም እየደወሉ ይጠይቁኛል። ሁሌ በስልክ ከማስረዳ ልጻፈው ብዬ ነው። ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኩሽናው ሰዓት ላይ መሳሳት ምን እንደሚያመጣ ወደ በኋላ ታያላችሁ።

መቼ ነው የሚኬደው

እሁድን እርሱት። እንግሊዞች ፐብ የሚሞሉት እሁድ ነው፤ የእሁድ ጥብስ የሚባለው የታወቀ ምሳቸው ያን ቀን ነው። እኛ ደግሞ ከቅዳሴ ወጥተን፣ ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ጸበል ጻዲቅ ቀምሰን፣ ልጆቹን ከሰንበት ትምህርት ቤት ሰብስበን መኪና እስክንገባ ቀኑ አልቋል። ከለንደን እዚያ ለመድረስ መንገዱ ክፍት ሆኖ እንኳ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሜ ይሻላል።

እኔ ከዓመቱ ሁሉ የምመርጠው ግን አንድ የነሐሴ ሰኞ ነው። በፈረንጅ ኦገስት የመጨረሻው ሰኞ የሕዝብ በዓል ነው። ፍልሰታ ኦገስት 22 ስለሚፈታ ያ ሰኞ ሁልጊዜ ከጾሙ በኋላ ይውላል። ባለቤቴም በነጻነት ትበላለች። ሜዳው ደግሞ በዚያ ሰሞን ሐምራዊ ነው። ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ እስከ አድማስ ድረስ አብቦ ይታያል። እናቴ አንድ ቅርንጫፍ ጎንበስ ብላ አየችና «ይሄማ አስታ ነው፣ ድንክ አስታ!» አለች። እውነቷን ነው። የኛ ደጋ ላይ ዛፍ አክሎ የሚበቅለው አስታና ይሄ መሬት ለመሬት የሚሄደው ቁጥቋጦ ዘመዳሞች ናቸው።

ያ ሰኞ አንድ ችግር አለው፦ መኪና። ሊንድኸርስት የምትባለው ከተማ ጫካው መሃል የተቀመጠች ናት፤ መንገዶቹ ሁሉ እሷ ጋ ይገናኛሉ፤ በበጋ ቀን ጠባቧ መንገድ ትታነቃለች። መፍትሔው በጠዋት መነሳት ነው። ከቤት ሰባት ሰዓት ከወጣችሁ ጥሩ ነው። ዘጠኝ ላይ ከወጣችሁ ግን ኤም 27 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ስለ ፐብ ሳይሆን ስለ ሽንት ቤት ነው የምታወሩት።

መኪና የሌለው አይቅር። ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ብሮከንኸርስት ድረስ ቀጥታ ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ከባቡሩ ስትወርዱ ፈረስ መንገድ ሲያቋርጥ ልታዩ ትችላላችሁ። ጣቢያው አጠገብ ያለው ፐብ ስሙ ስኔክካቸር ነው፣ እባብ ያዥ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው እውነት ከነበረ ሰው ነው። ብራሸር ሚልስ ይባላል። ጫካ ውስጥ ከሰል አክሳዮች የሚሠሩት ዓይነት ጎጆ ቀልሶ ይኖር ነበር፤ በባላ እንጨት እባብ እየያዘ ይሸጥ ነበር። የሞተው በ1905 ነው፤ መቃብሩም እዚያው ብሮከንኸርስት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ትልቁ ልጄ ይህን ከሰማ ወዲህ ጫካ መሄድ ላይ ቅሬታ አሰምቶ አያውቅም።

መንገዱ የፈረሶቹ ነው

ሹፌር ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ወደ ጫካው ስትገቡ መንገዱ ላይ የብረት ርብራብ አለ፤ ጎማው ድርርር ብሎ ያልፍበታል። ከብት እንዳይወጣ ነው የተሠራው። ከዚያች ርብራብ በኋላ አጥር የለም። ወደ 5,000 የሚጠጉ ፈረሶች፣ ከነሱም ሌላ ላሞችና አህዮች በየሜዳውና በየመንገዱ ይንቀሳቀሳሉ። አጥር በሌለው መንገድ ላይ የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 40 ማይል ነው። እኔ ሲመሽ ከ30 አላልፍም። ጥቁር ፈረስ በጥቁር አስፋልት ላይ ቆሞ የመኪና መብራት አያስደነግጠውም። ንቅንቅ አይልም። ገጭታችሁ ከሆነ ደግሞ ዝም ብሎ መሄድ የለም፤ ፈረስ፣ ከብት፣ አህያ፣ አሳማ ወይም ውሻ መግጨት በሕጉ ለፖሊስ የሚነገር አደጋ ነው።

ልጆቹ «የዱር ፈረስ» ይሏቸዋል። የዱር አይደሉም። ሁሉም ባለቤት አላቸው። ኮመነር የሚባሉ የአካባቢው ሰዎች ከጥንት የወረሱት የወል ግጦሽ መብት ነው። በዓመት ክፍያ ይከፍላሉ፤ ክፍያው መፈጸሙ የሚታወቀው የፈረሱ ጭራ ሲቆረጥ ነው። ፈረሶቹን የሚከታተሉት ጠባቂዎች በየቀበሌያቸው የተለያየ የአቆራረጥ ዓይነት አላቸው። ጭራውን አይቶ ፈረሱ ከየት ሰፈር እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። የግጦሽ ነገር የሚዳኘው ቨርደረርስ የሚባል ችሎትም አለ፤ ሊንድኸርስት ነው የሚቀመጠው። ይህን ሁሉ ለእናቴ ሳስረዳት «ታዲያ እንደኛው ነዋ፣ የወል ሳር» አለችና ጨረሰችው። እኔ ግማሽ ሰዓት የፈጀብኝን።

እሷን ያስደነቃት አህያው ነው። ጭነት የለውም። ማንም አይነዳውም። ሱቅ በር ላይ ቆሞ መግቢያ መውጫውን ዘግቷል፤ ሰው «ይቅርታ» እያለ በጎን ያልፋል። «ጀርባው ልስልስ!» አለች። እስካሁን ስለ አህዮቹ ትጠይቃለች።

መመገብና መዳሰስ ክልክል ነው። አምባሻ ቆርሳችሁ አትስጡ፤ ልጅ ጎን አቁማችሁ ፎቶ ለማንሳትም አትጠጉ። ፈረሱ ይራገጣል፣ ይነክሳል። ከ2023 ጀምሮ ጫካው ውስጥ መመገብም መዳሰስም 100 ፓውንድ ሊያስቀጣ የሚችል ደንብ ወጥቶበታል። ምክንያቱም አለው፤ ሰው እጅ ላይ መብላት የለመደ ፈረስ መኪና ሲያይ ወደ መንገዱ ይወጣል።

በልግ ላይ የምትሄዱ ከሆነ አሳማ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ቢያንስ ለ60 ቀን አሳሞች ይለቀቃሉ። የኦክ ዛፍ ፍሬ መሬት ላይ ሲረግፍ ለፈረስና ለላም መርዝ ነው፤ አሳማ ግን ይበላዋል፣ ያጸዳላቸዋል። እኔ ብልሃቱን አደንቃለሁ። እናቴ ግን ከመኪና አልወርድም ብላ ነበር።

የት እንራመድ

መጀመሪያ ልጆቹን አስጠንቅቁ። ጫካ ብለን ስንነግራቸው ዛፍ በዛፍ ነው የጠበቁት። ደርሰን ሰፊ ሜዳና ቁጥቋጦ ሲያዩ ትንሿ «ጫካው የታለ?» ብላ አለቀሰች። ፎረስት የሚለው ቃል በድሮው ትርጉሙ የንጉሥ ማደኛ ማለት ነው። ቀዳማዊ ዊልያም በ1079 ለአደኑ ከለለው፤ «አዲሱ ጫካ» የተባለው ያኔ ነው፤ ይኸው ወደ አንድ ሺህ ዓመት እየተጠጋው አሁንም አዲሱ ነው። በ2005 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። የንጉሥ ጫካ ሲባል እናቴ የራሷን አመጣች። እኛ አገር አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው መናገሻን አስተከሉ ይባላል። ወፍ ዋሻ ከደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም። ልጆቹ ሁለቱን ነገሥታት አቀላቅለው ዘርዓ ያዕቆብ በፈረስ እንግሊዝ እንደመጡ አምነው ነበር። አላረምኳቸውም።

ጉልበቷን የምታመም እናትና የስድስት ዓመት ልጅ ላለው ሰው የኔ ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ቦልደርዉድ ነው። አጋዘኖች ከላይ ሆኖ ማያ መድረክ አለው። ጠዋት ሂዱ፣ ድምፅ ቀንሱ። መጥተው ካልታዩ ደግሞ አትቆጡ፤ የመካነ አራዊት ትኬት አልቆረጣችሁም። ከዚያ በመኪና ጥቂት እንደሄዳችሁ ናይትዉድ ኦክ የሚባለው አሮጌ ዛፍ አለ። ዕድሜው ከ500 ዓመት በላይ እንደሚሆን ይገመታል። የግንዱ ዙሪያ ከ7 ሜትር ያልፋል። እኛ አምስት ሆነን እጅ ለእጅ ብንያያዝ ምን ያህሉን እንደምናቅፍ ሞከርን፤ አጥር ስላለው በአየር ነው የለካነው።

ሁለተኛው ራይንፊልድ ላይ ያለው የረጃጅም ዛፎች መንገድ ነው። በ1859 የተተከሉ ግዙፍ ዛፎች ናቸው፤ ሴኮያም አለበት። መሬቱ ጠጠር ስለሆነ የሕፃን ጋሪ ይሄዳል፣ ዱላ የያዘ ሰውም አይንሸራተትም። አንድ ማይል ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በላይ አትመኙ። ልጅ ከምሳ በፊት የሚራመደው ይህንኑ ያህል ነው።

ታሪክ ለሚወድ ልጅ ደግሞ የሩፈስ ድንጋይ አለ። የዊልያም ልጅ፣ ንጉሥ ዊልያም ሩፈስ፣ በኦገስት 1100 እዚህ ጫካ ውስጥ አደን ላይ እያለ በቀስት ተመትቶ ሞተ። ቀስቱን ወረወረ የሚባለው ዋልተር ቲረል የሚባል መኳንንት ነው። ሆን ብሎ ይሁን ስቶ፣ እስካሁን ያከራክራል። በአፈ ታሪኩ ሬሳውን በጋሪ ወደ ዊንቸስተር ከተማ የወሰደው አንድ ከሰል አክሳይ ነው። ወንድሙ በሦስት ቀን ውስጥ ዘውድ ጫነ። ልጄ ይህን ሲሰማ «ወንድሙ ነው ያስገደለው» ብሎ ፈረደ። ከድንጋዩ አጠገብ ያለው ፐብ ደግሞ ስሙ ምን መሰላችሁ? ሰር ዋልተር ቲረል። በገዳዩ ስም ምሳ ይበላል።

የስልክ ኔትወርክ ብዙ ቦታ ይጠፋል። ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱት።

አሁን ወደ ፐቡ

የገጠር ፐብ ምልክቱ ከላይ የተሰቀለ ሥዕል ነው። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ብዙ በነበረበት ዘመን ቤቱ የሚታወቀው በሥዕሉ ነበር። በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ዳግማዊ ጠላ ሻጭ ሁሉ ምልክት እንዲሰቅል አዝዘው ነበር። እኛስ? እንጨት ላይ ጣሳ ደፍተን በር ላይ እናቆም የለ? ያው ነው።

ከሥዕሎቹ ሁሉ የምወደው ሚንስቴድ መንደር ያለው ትረስቲ ሰርቫንት ነው፤ ታማኙ አሽከር ማለት ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ የአሳማ አፍንጫ፣ የአህያ ጆሮ፣ የአጋዘን እግር አለው፤ አፉ በቁልፍ ተዘግቷል። ዋናው ሥዕል ያለው ዊንቸስተር ኮሌጅ ነው። ትርጉሙን ልጆቹ እንዲገምቱ አድርጉ። አሳማው ያገኘውን ይበላል፣ ምግብ አያማርጥም። አህያው ታጋሽ ነው። አጋዘኑ ለመላክ ፈጣን ነው። ቁልፉ ምስጢር አያወጣም። እናቴ መጀመሪያ አማትባ ነበር። ትርጉሙን ስትሰማ ግን «ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል» አለች። እዚያው መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ተቀብሯል።

ልጅ ይገባል ወይ? ይገባል። ከአዋቂ ጋር እስከሆነ ድረስ አብዛኛው የገጠር ፐብ ልጅ ያስገባል። ባለቤቱ የመከልከል መብት ስላለው ግን ቀድሞ መደወል ነው። ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ልጅ ይገባል? ኩሽናው ስንት ሰዓት ይዘጋል? ውሻ የማይገባበት ክፍል አለ? ሦስተኛዋን የጨመርኳት በራሳችን ደርሶ ነው። እዚህ አገር ውሻ ፐብ ውስጥ እንደ ቤተሰብ ነው። አንዱ መጥቶ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ላሰው። ባለቤቱ «አይናከስም» ይላል፤ እሷ ንክሻውን መች ፈርታ።

የኩሽናውን ሰዓት እንደ ባቡር ሰዓት ያዙት። ብዙ ቦታ ምሳ ከ12 እስከ 2፡30 ነው፤ ከዚያ እስከ ማታ ኩሽናው ይዘጋል። ፐቡ ግን ክፍት ነው፣ መጠጥ ይሸጣል። አንድ ጊዜ 2፡40 ላይ ደረስን። እናቴ ሰዓቷን አይታ «ገና ስምንት ሰዓት ተኩል ምናምን ነው፣ የምሳ ሰዓት ነው» ትላለች። ባንኮኒው ጋ ያለው ሰውዬ «ቺፕስ አለ፣ በከረጢት» አለን። ስድስት ከረጢት የድንች ቺፕስ ምሳችን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን የማወጣው ከፐቡ ሰዓት ጀምሬ ወደ ኋላ ነው። 12፡30 ጠረጴዛ አለኝ፤ ስለዚህ 12 ላይ ከጫካ መውጣት አለብኝ፤ ስለዚህ 10 ላይ ጫካ መግባት አለብኝ፤ ስለዚህ በ7 ከቤት።

አስተዛዘዙ እንዲህ ነው። ጠረጴዛ ያዙ፣ ቁጥሩን እዩ፣ አንድ ሰው ብቻ ባንኮኒው ጋ ይሂድ። ሰልፉ አይታይም ግን አለ። ከናንተ በፊት ማን እንደነበር አስታውሱ፤ ቀጂውም ያስታውሳል። ብር አታውለብልቡ፣ አታጨብጭቡ። ሂሳቡ ብዙ ጊዜ እዚያው ቆማችሁ ነው የሚከፈለው። ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ ከሄዳችሁ «በሞቴ፣ እኔ ነኝ የምከፍል» የሚለው ትግል ባንኮኒው ጋ ሲደረግ ከኋላ ያለው ሰው ይቸገራል። ትግሉን መኪና ውስጥ ጨርሳችሁ ውረዱ። ባንኮኒ ላይ ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም።

ምን እንብላ፣ ምን እንተው

እዚህ ጋ ነው የኛ ሰው የሚቸገረው። ስለዚህ በዝርዝር።

ጾም ከሆነ ቃሉ «ቪጋን» ነው። ቬጀቴሪያን አይደለም። ሜኑው ላይ «ቪ» ብቻዋን ካለች እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ይችላል። «ቪኢ» ወይም «ቪጂ» የምትለዋን ፈልጉ፤ የቷ ለየቷ እንደሆነች ከሜኑው ግርጌ ተጽፏል። ድሮ ለባለቤቴ የነበረው ምርጫ ሰላጣ ብቻ ነበር። ዛሬ ቪጋን የሌለው ፐብ ማግኘት ይከብዳል። ፈረንጆቹ ሳያውቁት ረቡዕና ዓርብን አቀለሉልን።

የተጠበሰ ድንች ጾም ይመስላል። ሁልጊዜ አይደለም። ከእሁድ ጥብሱ ጋር የሚቀርበው ድንች በዝይ ወይም በበሬ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ዮርክሸር ፑዲንግ የሚሉት እንደ ጽዋ የጎደጎደው ዳቦ እንቁላልና ወተት አለበት። ቡናማው መረቅ የስጋ ነው። ጠይቁ፤ ማንም አይቆጣም።

አሳማው ደግሞ ስሙን ይቀያይራል። ቤከንና ሃም ሁሉም ያውቀዋል። ጋሞን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ አሳማ ነው። ቋሊማ «የምን ነው» ካላላችሁ አሳማ ነው በሉት። ስክራቺንግስ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው የአሳማ ቆዳ ነው፤ ትልቁ ልጄ ቺፕስ መስሎት ግማሽ ድረስ ደርሶ ነበር። ስካምፒ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ዓሣ ይመስላል፤ ዓሣ ሳይሆን የሽሪምፕ ወገን ነው። ከሙስሊም ጓደኞቻችን ጋር ስንሄድ ዓሣና ድንች እናዛለን፤ ግን ሊጡ በቢራ የተቦካ ይሆናልና እሱንም መጠየቅ ነው።

ታዲያ ምን ይበላል? የፍስክ ቀን ከሆነ የበሬ ወይም የበግ ጥብስ። ዋጋው ለአንድ ሰው 20 ፓውንድ ወዲህና ወዲያ ነው። ብዙ ነው። ለልጅ ግማሽ ሳህን ጠይቁ፤ ብዙ ፐብ ይሠራል። ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ ፕላውማንስ አለ፣ የገበሬ ምሳ ማለት ነው፤ ቺዝ፣ ዳቦ፣ ኮምጣጣ አትክልት። ሃም የሌለበትን እዘዙ። እናቴ ስሙን ወደደችው። ምግቡን ቀመሰችና «ገበሬው ምስኪን ነው» አለች። ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ቦርሳ ውስጥ ይያዝ። አሳፋሪ ነገር የለውም፤ እነሱ ራሳቸው ሰናፍጭ ይጠይቁ የለ?

መጠጥ። የሚነዳ አይጠጣ። የእንግሊዝ ሕግ በመቶ ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም ድረስ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን መንጃ ፈቃዴ እንጀራዬ ነው፤ አንድ ጠብታ አልነካም። ለልጆች ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሳይደር እዚህ አገር የፖም ጭማቂ አይደለም፣ የሚያሰክር ነው። ጅንጅር ቢር በተቃራኒው ቢራ አይደለም፤ አብዛኛው የዝንጅብል ለስላሳ ነው። ለእናቴ አዘዝኩላትና ጠርሙሱ ላይ «ቢር» የሚለውን የልጅ ልጇ ጮክ ብላ አነበበችላት። «አንተ! በእርጅናዬ ቢራ ልታጠጣኝ?» ብላ ገፋችው። አሳምነን እስክናጠጣት ድረስ ጋዙ አልቆ ነበር። አሁን ግን «ያቺን የዝንጅብሏን» ትላለች።

ቡናውስ?

እናቴ ለመጀመሪያው ጉዞ ጀበና፣ ረከቦት፣ ሲኒና ከሰል ጠቅልላ መኪናው ኋላ አስገብታ ነበር። ዛፍ ሥር ቡና ልታፈላ። ሐሳቡ እንዴት ያምራል! ግን አይቻልም። ጫካው ውስጥ እሳት ማንደድ፣ የከሰል ምድጃም ቢሆን፣ ክልክል ነው። በደረቅ በጋ አንድ ፍም ስንት ሄክታር እንደሚበላ አስቡት። ቅጣቱም ከፈረስ መመገቡ እኩል ነው። እኔ ይህን የነገርኳት መንገድ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት አላናገረችኝም።

አሁን የምናደርገው ይህ ነው። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በኛ አቆጣጠር፣ እናቴ ተነስታ ታፈላለች። አቦሉ በፔርሙዝ ይሞላል። ሲኒው በፎጣ ይጠቀለላል። ፈንዲሻ በፌስታል። ከምሳ በኋላ ከፐቡ ወጥተን ሜዳው ላይ ጋቢ አንጥፈን እንጠጣለን። ፐቡ ውስጥ የራሳችሁን አውጥታችሁ እንዳትጠጡ፤ ነውር ነው። የፐቡ ቡና ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ገንዘባችሁን ለጣፋጩ አድርጉት። አፕል ክራምብል ከትኩስ ከስተርድ ጋር፣ ለሁለት ልጅ አንድ።

የላስቲክ ቦት ጫማ በበጋም ያዙ። ትርፍ ካልሲ ደግሞ ለሁሉም። ጭቃ ይዞ ፐብ መግባት ችግር የለውም፤ በር ላይ ብረት አለ፣ እዚያ ትጠርጋላችሁ።

እና መዥገር። ይህን ሳልጽፍ አልጨርስም። ኒው ፎረስት መዥገር አለበት፤ ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ረጅም ሱሪ፣ ሱሪው ካልሲ ውስጥ ተወትፎ። ማታ ቤት ስትገቡ ልጆቹን ከገላ መታጠቢያ በፊት ልብስ አስወልቃችሁ ፈትሹ፤ ብብት፣ ከጉልበት ኋላ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር። ከተገኘ በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ጋ ጠጋ አድርጎ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ቅቤ አይቀባም፣ በክብሪት አይተኮስም፣ እናቴ ምንም ብትል። ቀይ ክብ ነገር ቆዳው ላይ እየሰፋ ከመጣ ወይም ከቀናት በኋላ ትኩሳት ካለ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ጫካ እንደነበራችሁም ንገሩት።

ባለፈው እኛ ቤት በባትሪ መብራት አንድ ሰዓት ሙሉ ሦስቱንም ልጆች ፈተሽን። ምንም የለም። እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስታየን ቆየችና ወደ እኔ ቁርጭምጭሚት ጣቷን ቀሰረች።